በሐዘንተኛ እጅ የታሰረ ሩዝ

ንፋሱ ሲያገሳ አድሮ ጎህ ሲቀድ ደከም አለ። ዛጋቴ ይህንኑ ስትጠብቅ ነበርና የቅርፊት ታንኳዋን ከአሸዋው ገፍታ ውሃው ላይ አሳረፈች፤ ገብታ ተንበረከከችና መቅዘፍ ጀመረች። ከፊቷ፣ ከታንኳው አፍንጫ አጠገብ፣ ጥቅሉ ተቀምጧል። እንደ ሁልጊዜው ፊቱን ወደ እሷ አዙራ ነው ያስቀመጠችው። ጥቅል ፊት አለው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የላትም፤ ብቻ ለእሷ አለው።

«ዛሬ ሰዎቹ ጋ ልንሄድ ነው» አለችው። «እንዳትቀየመኝ። ሳይጠሩ መሄድ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን ጭሳቸውን ካየሁ ሰነበትኩ፤ ከዚህ በላይ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።»

ጥቅሉ ባሏ ነው። ይለብሰው የነበረው የአጋዘን ቆዳ ሸሚዝ፣ ቢላዋው፣ ከፀጉሩ የተቆረጠ አንድ ጉንጉን፣ ሁሉም በባለ ሰንበሩ ብርድ ልብሱ ተጠቅልለው በጠፍር ታስረዋል። በዚያ ሐይቅ ዳር ባሏ የሞተባት ሴት እንዲህ ያለ ጥቅል ሠርታ «ባሌ» እያለች ትሸከመዋለች፤ ከምትበላው ቆርሳ ከፊቱ ታኖርለታለች፤ ስትተኛ ከጎኗ ታስተኛዋለች። ዓመቱ ሲሞላ የሟቹ ዘመዶች ይመጣሉ። ፀጉሯን ያበጥሩላታል፣ አዲስ ልብስ ያለብሷታል፣ ጥቅሉን ከእጇ ይቀበሏታል። ከዚያ በኋላ ተፈታች ይባላል።

የዛጋቴ ባል ሳል ይዞት የሞተው አምና በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ዛፉ ተበስቶ ለስኳር የሚፈላው ጣፋጭ ውሃ በሚቀዳበት ወቅት ነበር። ዓመቱ ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ሞላ። ጎጆዋን ጠረገች፣ ደጇን ጠረገች፣ ጠበቀች። መምጣት የነበረባት አማቷ ኖዲን ናት። ኖዲን ግን ቤተሰቡን ይዛ ወደ ታላቁ ደሴት፣ ወደ ነጋዴዎቹ ሄደች። ታንኳዎቹ ተከታትለው በሐይቁ መካከል ሲያልፉ ዛጋቴ ዳር ቆማ አየቻቸው። እጁን ያነሳላት አልነበረም።

ጥቅል መሸከሙስ ይለመዳል። የማይለመደው ሌላው ነው። ሐዘን ያለበት ሰው የዓመቱን አዲስ ምግብ፣ እንጆሪም ይሁን በቆሎ ወይም ሩዝ፣ ከሐዘን ነጻ የሆነ ሰው በእጁ እስኪያጎርሰው ድረስ አይቀምስም። መቅመስ ቀርቶ አይነካም። የነካ እንደሆነ ፍሬው ይቀየማል፤ ለከርሞ አይመለስም። ከሰው ጋር ለሚኖር ሐዘንተኛ ይህ ችግር የለውም፤ አንዷ አክስት ማንኪያውን አንስታ ታጎርሰዋለች፣ ያልቃል። ብቻዋን ያለችን ሴት ግን ማን ያጉርሳት? ዛጋቴ እንጆሪው ደጇ ላይ ቀልቶ፣ በስብሶ፣ የወፍ ሲሳይ ሲሆን ቁጭ ብላ አይታለች። አምናም ሩዙን አልቀመሰችም። ዓሣ በላች፤ ጥንቸል አጥምዳ በላች፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ያጠራቀሙትን ሩዝ እየቆነጠረች በላች። እሱም አሁን ከሙዳዩ ሥር ትንሽ እፍኝ ቀርቷል። ዘንድሮም የሚያጎርሳት ካጣች ያለ ሩዝ በረዶው ውስጥ ልትገባ ነው። ያለ ሩዝ በረዶውን የተሻገረ ሰው ደግሞ አላየችም።

ሐይቁ ውስጥ ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው ሩዝ ጋ ስትደርስ መቅዘፊያዋን አጋደመችና ቆመች።

ንፋሱ ሐይቁን ገፎታል። ትናንት ፍሬው ከብዶት ጎንበስ ይል የነበረው ሩዝ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ባዶ ሣር ሆኗልና ምን ያጎንብሰው። ፍሬው ሰጥሟል። የቀረው ውሃው ላይ ተበትኗል፤ ዳክዬዎቹ በእሱ መሀል ይዋኛሉ፣ ታንኳው ሲጠጋቸው ለመነሳት እንኳ ሰነፉ። በዚያ ሁሉ ባዶ ሣር መካከል ግን ሁለት ረድፍ ሙሉ ሆኖ ቀርቷል። ራስ ራሱ በእቅፍ በእቅፍ ተሰብስቦ፣ በቃጫ ተጠቅልሎ፣ ወደ ታች ታጥፎ ታስሯል። ንፋስ የታሰረ ሩዝ አይረግፍለትም፤ ወፍም አይደፍረውም። አንዱ ረድፍ በነጭ ቃጫ ነው የታሰረው፣ ሌላው በቀይ።

መጀመሪያ ደስ አላት። ሁለቱንም ያሰረቻቸው እሷ ነበረች።

ሴቶቹ ሩዛቸውን የሚያስሩት ገና ወተት ሳለ፣ ሳይደርስ ነው፤ ሁሉም በየራሷ ቀለምና ቋጠሮ። ዘንድሮ ግን ፈረንሳዮቹ ሄደው ቀይ ኮት ለባሾቹ ወታደሮች ከመጡ ወዲህ ነጋዴው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሰዉ ባሩድና ብርድ ልብስ ሲጠብቅ ደሴቱ ላይ ከረመ። የማሰሪያው ወቅት አለፈ። ሐይቁ ላይ ዛጋቴ ብቻ ነበረች። ከራሷ ጋር ብዙ ተከራከረች። ያልደረሰ ሩዝ ምግብ አይደለም፣ ሣር ነው፤ ሣር ማሰር ደግሞ ማንም አልከለከለኝም አለች። እንዲህ ብላ የራሷን ረድፍ አሰረች። ሲያልቅ የኖዲንን ረድፍ አየችው። ማንም ሳይነካው ቆሟል። የአማቷን ቋጠሮ ታውቀዋለች፣ ሙሽራ ሆና ስትገባ ያስተማረቻት ኖዲን ራሷ ናት። ቃጫውን ቀይ ቀለም ነክራ ያንንም ጀመረች። ለምን ብትሏት የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ለሰው የሚሠራ ሥራ ናፍቋት ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚናፍቀው አታውቅም ነበር።

አሁን ግን ታንኳዋ ላይ ቆማ ስታየው ነገሩ ገባት። በሐይቁ ላይ የቀረው ሩዝ በሙሉ ሐዘንተኛ የነካው ሩዝ ነው። የእሷ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። የኖዲንንም አብራ አበላሽታዋለች።

«አየህ የሠራሁትን» አለችው ጥቅሉን። ወዲያው ወደ ጭሱ አቅጣጫ መቅዘፏን ቀጠለች። መመለስ አማራት፤ ግን ወዴት ነው የምትመለሰው?

ሰፈሩ ጥቂት ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ ጎጆዎች ገና ግማሽ ናቸው፤ እንጨቱ ቆሟል፣ የሚሸፍነውን ምንጣፍ ግን ገና አልለበሰም። ውሾቹ መጀመሪያ ጮኹ፣ ከዚያ አወቋትና እየዘለሉ መጡ። ከውሾቹ በቀር የተቀበላት የለም። ሴቶቹ አዩዋት፣ ጥቅሉን አዩ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዋርሳዋ ማንጎንስ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ቀና አለ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ። እዚያ አገር ዋርሳ ከወንድሙ ሚስት ጋር ካልተሰዳደበ፣ ካልተፎጋገረ፣ ተጣሉ ነው የሚባለው። ማንጎንስ ድሮ እሷን ሲያይ ምላሱ አያርፍም ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን አንድ ስድብ እንኳ አልሰደባትም። ዛጋቴን ከሁሉም በላይ ያበሳጫት ይሄ ነው። ሰው ባዘነላት ቁጥር ከሰው ትርቃለች።

ዳር ላይ፣ ከወደቀ ግንድ አጠገብ ተቀመጠች። ጥቅሉን ጭኗ ላይ አደረገችው።

ወዲያው ዋቦዝ ከሐይቁ ደረሰ። ዋቦዝ የሩዝ አለቃ ነው፤ ሩዙ ደረሰ አልደረሰም የሚለው እሱ ነው፣ እሱ ግቡ ሳይል ሩዙ ውስጥ የሚገባ ታንኳ የለም። ሽማግሌ ነው፤ ከታንኳ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል፣ አፉ ግን ምንም አልሆነም።

«ዞሬ አየሁት» አለ፣ ሁሉም ሲሰበሰቡ። «ዳክዬዎቹ ጠግበው መብረር አቅቷቸዋል። እነሱን ብታናግሯቸው የተረፈ ካለ ይነግሯችሁ ይሆናል።»

«ዳክዬ እንብላ በለና» አለች ቢኔ። ቢኔ የማንጎንስ ሚስት ናት፤ ሕፃን በጀርባዋ አዝላለች።

«ዳክዬ ይሄዳል፣ ልጄ። በረዶው ነው የሚቀመጠው።» ዋቦዝ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ዛጋቴን አያት፣ ራሱን ነቀነቀላት፣ ቀጠለ። «ሁለት ረድፍ ታስሮ ቆሟል። ከተካፈልነው እንደምንም ያወጣናል። ቀዩ የኖዲን ነው። ነጩን አላወቅኩትም። ኖዲን፣ እጅሽ ይባረክ፣ መቼ መጥተሽ አሰርሽው?»

ኖዲን ከሰዎቹ ኋላ ቆማ ነበር። ቀጭን ናት፤ ዛጋቴ ከምታስታውሳት ይልቅ በጣም ቀጭን።

«አላሰርኩም» አለች። «ጉልበቴን ስላመመኝ ዘንድሮ ለማሰር አላሰብኩም። አምናም አላሰርኩም።»

«ታዲያ ቀዩን ማን አሰረው? ዳክዬ?»

«እኔ ነኝ» አለች ዛጋቴ። «ነጩም የእኔ ነው።»

ሁሉም ዞሩ። ቢኔ ናት መጀመሪያ አፏን የከፈተችው። «አንቺ? በዚያ እጅሽ?»

«ገና ወተት ነበር። ምግብ ሳይሆን…»

«ምግብ ሳይሆን! አሁንስ ምን ሆነ? ድንጋይ ነው? እኔ ለዚህ ልጅ ምን ላብላው ነው የምትይው?» ቢኔ ሕፃኑን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችው፣ ዛጋቴ ሕፃን አይታ የማታውቅ ይመስል። «የራስሽን ነካሽ፣ እሺ፣ ራብሽ ነው። የእማን ማን ንኪ ብሎሽ?»

ዛጋቴ እውነቱን ብትናገር፣ ብቸኝነት ነው ብትል፣ ማን ይሰማታል? ብቸኝነት ያልያዘው ሰው ሰበብ ነው ይለዋል።

ዋቦዝ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እንዲህ እናድርግ» አለ። «የዚህች ሴት ዓመት ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ ትፈታ። ጥቅሉን እንቀበላት፣ እናጉርሳት። እጇ ከተፈታ ያሰረውም አብሮ ይፈታል። እንዲህ ያለ ሕግ አለ ወይ ብትሉኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ አለ።»

ጉርምርምታው ረገብ አለ። ይህ ያስኬዳል አሉ። ሁሉም ወደ ኖዲን አዩ፤ እናቱ እሷ ናትና እሺ ማለት ያለባት እሷ ናት።

ኖዲን ዛጋቴን አላየችም። ያየችው ጥቅሉን ነው።

«ሩዝ ሲጠፋ ነው ያስታወሳችሁት» አለች። «ልጄን በሩዝ አልለውጥም።»

ወደ ጎጆዋ ገባች፤ የበሩን ቆዳ መለሰችው።

ዛጋቴ ጥቅሉን አቀፈችና ወደ ታንኳዋ ወረደች። ተናዳለች፤ ግን በኖዲን አልነበረም። አሮጊቷ ያለችው እኮ የእሷንም ልብ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ሰው ይፈልገኛል ብላ ጠበቀች፤ የፈለጓት ሐይቁ ባዶ ሲሆን ነው። ለሩዝ ብለው ከሚያጎርሷት ራቧን ይዛ ብትሄድ ይሻላታል። ታንኳውን ልትገፋ ጎንበስ ስትል የሰው እግር አጠገቧ ቆመ።

«ታንኳሽ ውሃ ያስገባል» አለ ማንጎንስ።

«አውቃለሁ።»

«ሙጫ አለኝ። ልድፈንልሽ።»

«ተወው።»

አልሄደም። በእግሩ ጠጠር ገለባበጠ። «እናቴ ክፉ አይደለችም።»

«ክፉ ናት ወጣኝ?»

«አልወጣሽም። ብቻ… እየከሳች ነው። አትበላም። ቢኔ እንጆሪ ለቅማ ብታመጣላት ለልጆቹ ሰጠችው፤ ጥርሴን አለች። በቆሎ ስንጠብስ ሆዴን አለች። አምና ሩዙ ሲደርስ እንደዚሁ፣ አንድ ነገር አለች፣ ረሳሁት። ዓሣ ብቻ ነው የምትበላው። አሁን ደግሞ ጉልበቴን ትላለች። በጉልበቷ እኮ ደሴቱ ላይ ከሁላችንም ቀድማ ነበር ዳገቱን የምትወጣው።»

ዛጋቴ ታንኳውን ለቀቀችው።

«ማንጎንስ» አለች። «ወንድምህ ሲሞት አንተን ማን አጎረሰህ?»

«አባባ ዋቦዝ።»

«ቢኔንስ?»

«እሱው ነው። ሁላችንንም በተራ አስቀምጦ። ትዝ ይለኛል፣ ማንኪያው ትኩስ ነበር፣ ከንፈሬን አቃጠለኝ።»

«እናትህንስ?»

«እናቴማ…» አለና ቆመ። «እሷ ድስቱ ጋ ነበረች። በረጅሙ ጭልፋ ስትጨልፍልን።»

«ማን አጎረሳት?»

ማንጎንስ ጠጠሩን መገለባበጥ አቆመ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ሁልጊዜ የምታጎርሰው እሷ ስለሆነች፣ እሷን ማጉረስ ለማንም አልታሰበውም። ድስቱ ጋ ቆማ ለሁሉም ስትጨልፍ እሷም ከሐዘንተኞቹ አንዷ መሆኗን ማንም አላየም። እሷም አልተናገረችም። ሩዟን ያላሰረችው ጉልበቷን አሟት አይደለም። እጇን ሰብስባ ነው።

ዛጋቴ ጥቅሉን ታቅፋ ወደ ኖዲን ጎጆ ሄደች። ከደጅ ቆማ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ደጅ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«አልጠራሁሽም።»

«አውቃለሁ። ብትጠሪኝማ ድሮ እመጣ ነበር።»

ገባች። ኖዲን መሀል ባለው እሳት አጠገብ ተቀምጣለች፤ የሚሠራ ነገር እጇ ላይ የለም። ዛጋቴ በሩ አጠገብ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ዝቅተኛ ቦታ ተቀመጠች። የመጣችበትን በደግ ቃል ለመጀመር አስባ ነበር፤ አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ወጣ።

«አላጎረሱሽም» አለች።

ኖዲን እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰች፤ መቆስቆስ የሚያስፈልገው እሳት አልነበረም።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አንቺም አልበላሽም፣ እኔም አልበላሁም። እኔ እንኳ ሰው የለኝም። አንቺ በሰው መሀል ሆነሽ?»

«ባሌ ሲሞት እናቱ አጎረሰችኝ» አለች ኖዲን። «ሴት ልጄ ስትሞት አባቴ ነበረ። እሱ ሲሞት ታላቅ እህቴ። አሁን ዞር ብዬ ሳይ፣ በቤታችን ከእኔ በላይ ሰው የለም። ትልቋ እኔ ሆኛለሁ። ምን ላድርግ? እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አጉርሱኝ ልበል? ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲጎርስ፣ አሁን ይጠሩኛል፣ አሁን ይጠሩኛል ስል፣ ድስቱ አለቀ።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተለወጠም። ዛጋቴ ግን እሷኑ ራሷን የሰማች መሰላት። ደጇን ጠርጋ ታንኳ ስትጠብቅ።

«ለምን አልመጣሽልኝም?» አለች። «ዓመቱ ሲሞላ ጠበቅኩሽ። አልፈሽኝ ሄድሽ። እጅሽን እንኳ አላነሳሽልኝም፣ እማ።»

«ያልጎረሰ እጅ ሰው ያጎርሳል? መጥቼ ምን ልሠራ?» ኖዲን እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ጣለችው። «ደሞ እሱ ብቻ አይደለም። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ ልንገርሽ። ሰፈሬ ሆኜ ወደ ማዶ ስመለከት ያንቺን ጭስ አያለሁ። ጭሱን ባየሁ ቁጥር ‹እዚያ ናቸው› እላለሁ። ‹ናት› አልልም። ‹እሳት አንድደዋል፣ እየበሉ ነው፣ ተኝተዋል› እላለሁ። ጥቅሉን ከተቀበልኩሽ አለቀ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ፀጉርሽን አበጥረሽ ሌላ ባል ታገቢያለሽ። እኔ ከዚያ በኋላ ወደ ማዶ ምን ብዬ አያለሁ?»

ዛጋቴ እንባዋ መጣ፤ ንዴቷም አብሮ መጣ።

«እኔ ግን እዚያ ብቻዬን ነበርኩ» አለች። «ሁለት አልነበርንም። አንቺ ከማዶ ሆነሽ ስታዪው ሁለት ነን። እኔ እዚያው ሆኜ ስናገር የሚመልስልኝ የለም። ዓሣ ቆርሼ ከፊቱ አኖራለሁ፣ ሲነጋ እዚያው አገኘዋለሁ፣ ለቁራ እሰጠዋለሁ። የሰው ድምፅ የሰማሁት ዛሬ ነው። ቢኔ ስትሰድበኝ እንኳ ደስ አለኝ። ያንቺን ሩዝ ያሰርኩት አንቺን ለማስደሰት መስሎሽ ይሆናል። አይደለም። የሰው ቋጠሮ መንካት አምሮኝ ነው።»

ተነሳች፤ ጥቅሉን ኖዲን ጭን ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥቅሉ ከእቅፏ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ላይ ሲያርፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክንዷ ቀለላት፤ ቅለቱን ግን አልወደደችውም።

ኖዲን ጥቅሉን አልገፋችውም። በሁለት እጇ ያዘችው። ክብደቱን የምትመዝን ይመስል ትንሽ ከፍ አደረገችው።

«ከስቷል» አለች።

ጠፍሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ «ዋቦዝን ጥሪው» አለች።

ዋቦዝና ማንጎንስ አንድ ታንኳ ውስጥ ገቡ። ማንጎንስ ጫፉ መንታ በሆነ ዘንግ ታንኳውን እየገፋ፣ ሽማግሌው ነጩን ረድፍ እየፈታ በጥድ ዱላዎቹ ወደ ታንኳው አራገፈ፤ ትንሽ ብቻ፣ ለመፍቻው የሚበቃ ያህል። አመጡት። በነጋዴው የመዳብ ድስት ታመሰ። ማንጎንስ አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጎ ለመርገጫ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገባና ሁለት እንጨት ተደግፎ እየረገጠ ገለባውን አላቀቀው። ቢኔ በቅርፊት ሰፌድ አበጠረችው። አበጥራ ስትጨርስ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ ከጎጆዋ የቀንድ ማበጠሪያ ይዛ ዛጋቴ ኋላ ተቀመጠች። ማንም አላዘዛትም።

«ይሄን ማበጠሪያ የሰጠኝ ነጋዴ ይሄን ፀጉር አይቶት ቢሆን ኖሮ ሁለት ይሰጠኝ ነበር» አለች። ጎተተችው፣ ግን እንዳያማት በሚጠነቀቅ እጅ ነው የጎተተችው። «አትነቃነቂ። ወፍ እንቁላል ጥሎበት ከሆነ እንዳልሰብር።»

ዛጋቴ አንገቷን ሰጠቻት። ሌላ ሰው ራሷን ከነካት ስንት ጊዜዋ። እንቅልፍ መጣባት።

ሩዙ በዓሣ መረቅ ተቀቀለ። ሽታው ሰፈሩን ሞላው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ፣ ሐይቁ ረግቶ፣ ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ዋቦዝ አጭር ነገር ተናገረ፤ ለሩዙም ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ የእንጨቱን ማንኪያ ለማንጎንስ ሰጠው፤ የሟች ወንድም ነው፣ ደግሞም የተፈታ ነው።

ማንጎንስ ጨለፈ። ዛጋቴ ፊት ተንበረከከ። ማንኪያውን አፏ አጠገብ አድርሶ ቆም አለ።

«አፍሽን ክፈቺ» አለ። «ቀስ በይ ግን። ወንድሜ ሲያገባሽ፣ ይቺ ሴት ማንኪያውን ከነእጀታው ትውጠዋለች ብዬ አስጠንቅቄው ነበር፤ አልሰማኝም።»

ሴቶቹ ወደ ዛጋቴ ዞሩ።

«አንተን ያልዋጥኩህ ስለምትመር ነው» አለች ዛጋቴ።

ሴቶቹ ሳቁ። ቢኔ «እሱስ እውነት ነው» አለች፤ ሳቁ ባሰ። ዛጋቴም ሳቀች፤ እየሳቀች ጎረሰች፤ እያኘከች አለቀሰች። ሩዙ ትኩስ ነው፤ ጭስ ጭስ፣ ሐይቅ ሐይቅ ይላል። ዋጠችው። ከዚያ ወዲያ የሰው ወገን ናት፤ ሩዙን ብትነካ፣ ብታስር፣ ብትፈታ ማንም አይጠይቃትም።

አሁን የኖዲን ተራ ነበር። ኖዲን ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣለች። ዋቦዝ ማንኪያውን ከማንጎንስ ተቀብሎ ጨለፈና ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እኛ ነን ያጠፋነው፣ እህቴ» አላት። «አይናችን እያየ። ጉረሺልኝ።»

ኖዲን አፏን ገጠመች።

«ባክሽ፣ ጉልበቴን አታድክሚው።»

«ካንተ አልጎርስም» አለች ኖዲን። በአገጯ ዛጋቴን አመለከተች። «ከእሷ።»

«እሷ እኮ አሁን ገና…»

«ተፈትታለች አላልክም? ሕጉን ያወጣኸው አንተ።»

ዋቦዝ ማንኪያውን አየ፣ ዛጋቴን አየ፣ ሰጣት።

ዛጋቴ አማቷ ፊት ተንበረከከች። በመሀላቸው ጥቅሉ ነው ያለው፤ በላዩ አሳልፋ እጇን ዘረጋች። ኖዲን አይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች፤ በዚያ እድሜዋ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ዛጋቴ አጎረሰቻት። አሮጊቷ በዝግታ አኘከች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ያኘከችውን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት፣ ዋጠች፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ታየ።

«ልጄ ሞቷል» አለች።

አንድም ቀን እንዲህ ብላ አታውቅም። ሄደ ብላለች፣ የለም ብላለች፣ ማዶ ነው ብላለች። ማንጎንስ ፊቱን አዞረ። ቢኔ ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ማንም አላጽናናትም፤ ያለችው እውነት ነበረና። ዛጋቴም አላለቀሰችም። ባዶውን ማንኪያ እንደያዘች፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለማታውቅ ተንበርክካ ጠበቀች።

ኖዲን አይኗን ገለጠች።

«ጨምሪልኝ» አለቻት። «ርቦኛል።»